እኔ ጋሽ ሰዓትና ያልሰረዝኳት አንድ መስመር

ዛሬ ዙሪክ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም። ይሄን የምጽፈው ወደ ጄኔቭ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው። ትኬት ተቆጣጣሪው ሁለቴ መጥቶ አይቶኛል። ለምን እንደሆነ ታች ታገኙታላችሁ።

ተዋርጃለሁ ወገኖቼ።

ለአዲስ ፎሎወሮቼ፦ የምኖርበት የጄኔቭ ዳርቻ፣ የሜራን ሐበሻ ሁሉ "ጋሽ ሰዓት" ነው የሚለኝ። ጡረታ ወጥቼም ቀኔ የሚመራው በደብተር ነው። ሰርግ ላይ ከሙሽራው ቀድሜ እደርሳለሁ። ይሄ ያኮራኛል። ያኮራኝ ነበር ልበል።

ታዲያ የዙሪክ ወጣቶች ከቅዳሴ በኋላ ስለ ፕሮዳክቲቪቲ ተሞክሮዎን ያካፍሉን ብለው ጋበዙኝ። እኔ ደግሞ መድረክ ሲሰጡኝ እምቢ አልልም። ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ በደርግ ጊዜ የጻፍኩበትን አንድ አሮጌ ደብተር ይዤ ሄድኩ።

ምን አስያዘኝ?

አጀማመሬስ ጥሩ ነበር። ለሦስት ወር ኮርስ ተልኬ ጄኔቭ እንደመጣሁና ሦስቱ ወር እስከ ዛሬ እንዳላለቀ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ጄኔቭ ውስጥ ኦ ቪቭ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ስገባ ፋይሉ እንዴት እንደዋጠኝ፣ እንቅልፍ እንዴት እንዳጣሁ አወራሁ። አለቃዬ አንዲት ሽበታም ስዊዛዊት ነበረች፤ አንድ ቀን ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ።

"ከመውጣትህ በፊት የነገውን ጻፍ" አለችኝ። "የሠራኸውን ሰርዝ፣ ያልሠራኸውን ወደሚቀጥለው ገጽ ገልብጥ። የተጻፈ ነገር አይጮህም።"

እውነቷን ነበር። በዚያ ሳምንት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እዚያ ላይ አመስግኜ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

"ደብተሩን ማየት የሚፈልግ አለ?" አልኩ።

ሃና ተነሳች። ዙሪክ አጠገብ ቪንተርቱር ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ጉባኤውንም ያዘጋጀችው እሷ ናት። ደብተሩን ካሜራ ሥር አድርጋ ትልቁ ስክሪን ላይ አሳየችው። በየገጹ ሁሉም ሥራ በቀይ ተሰርዟል። ከአንዲት መስመር በቀር።

ሃና ፊደል የቆጠረችው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ፊደል በፊደል ነው የምታነበው። "ለ... እት... ዬ... ብር... ቄ... መ... መለስ።"

ገጽ ገለጠች። "ለእትዬ... ብርቄ... መመለስ።"

ሌላ ገለጠች። ያው ናት። አሥረኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ልጅቷ አቀላጥፋ አነበበችው። በእኔ ኀጢአት አማርኛ ማንበብ ተማረች።

"ጋሼ፣ ይሄ ዋሩም... ለምን አልተሰረዘም? እትዬ ብርቄ ማናት?"

ከኋላ አንድ እኩያዬ፣ "አይ ጋሽ ሰዓት! ለካ ሰዓቱ ቆሟል" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ለማስመሰል ሳቅኩ።

እትዬ ብርቄ ታላቅ እህቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። በመጣሁ በዓመቴ አንድ ለስብሰባ የመጣ ሰው ደብዳቤዋን በኪሱ ይዞልኝ መጣ። "ቀበሌው ክፍሉ ባዶ ነው ወይ እያለ ይጠይቀኛል" ይላል። "አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። ትመጣለህ ወይስ ላንሳው?"

እመጣለሁ ብል ውሸት ነው። አልመጣም ብዬ ደግሞ እጄ አልጽፍ አለኝ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ "ለእትዬ ብርቄ መመለስ" ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ። በማግስቱ ገለበጥኳት። በማግስቱም።

ራሴን "ደብዳቤ ይከፈታል፣ ይጎዳታል" እለው ነበር። እሱም ውሸት አልነበረም። ግን ሌላ ሌላ ደብዳቤ እጽፍላት ነበር እኮ፤ ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው፣ ሥራ አለ እያልኩ። የአልጋውን ነገር ብቻ ነው የዘለልኩት። ከዚያ ደርግ ወረደ፣ ሰበቤም አብሮ ወረደ። መስመሯ ግን በየደብተሩ ቀጠለች። ዛሬ በየእሑዱ በስልክ እንጨዋወታለን፤ ስለ አልጋው እሷም አትጠይቅ፣ እኔም አላነሳ። ከስንት ዓመት በኋላ በምን ፊቴ ልሂድ?

ዘዴው ለምን እንደሚሠራ የገባኝ ዛሬ፣ መድረኩ ላይ ቆሜ ነው። ልጅ ሲያለቅስ "እሺ፣ እሺ" ሲሉት ዝም ይላል አይደል? ሐሳብም እንደዚያው ነው። ሲጽፉት የተሠራለት መስሎት ዝም ይላል። ለፋይሉ ነገር ግሩም ነው። እኔ ግን እህቴን ነው እሺ እሺ እያልኩ ዝም ያሰኘኋት።

ባቡር ውስጥ ደወልኩላት። ስልክ የማይወራበት ፉርጎ መሆኑን ያየሁት በኋላ ነው። ጆሮዋም ደክሟል።

"እትዬ፣ አልጋዬ አለ?"

"ምን አልክ?"

"አልጋዬ! አለ ወይ?"

ፉርጎው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የመጣው ያኔ ነው።

እትዬ አሁን ሰማችኝ። "የት ይሄዳል? 'ነገ ይመጣል' እያልኩ ስንቱን የቀበሌ ሊቀ መንበር ሸኘሁበት። ሰዓት አክባሪ ነው ሲሉህ እሰማለሁ፤ የማንን ሰዓት እንደሆነ እንጃ።" ከዚያ ልክ እንደ ደብዳቤው፣ "ትመጣለህ ወይስ ላንሳው?"

"አታንሺው" አልኳት። እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ናፍቃኛለች ጎበዝ። ያ ቤት ናፍቆኛል። ተቆጣጣሪው ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ "ደህና ነዎት?" ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

ስልኩን እንደዘጋሁ ደብተሬን አወጣሁ። ልማድ ነው። "የአዲስ አበባ ትኬት መቁረጥ" ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ከጻፍኩት ይቀለኛል። ከቀለለኝ ደግሞ እተኛለሁ።

ደብተሩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይጩህብኝ።

እናንተስ ከገጽ ወደ ገጽ የምትገለብጡት ምንድነው? ኮመንት ላይ እንዳትጽፉልኝ ብቻ። ከጻፋችሁት ይቀላችኋል።