የማያንጠባጥበው በርሜል

ጅዳ የሄደ ሰው ሁሉ ባሕሩ ዳር ቆሞ ያንን ወደ ሰማይ የሚተኮስ ውሃ አንጋጦ ያያል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ለዘመድ ይልካል። እኔም አይቼዋለሁ፤ አልዋሽም፣ ያምራል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ የሚገርመው ውሃ ወደ ላይ መውጣቱ ነው ወይስ ዝም ብሎ ባለበት መቀመጡ? ለመተኮሱ ሞተር ይበቃዋል። ባለበት ማስቀመጡን ግን እኔን ጠይቁኝ። ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ስንሄድ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ዱዓ ሲያደርግ፣ እኔ የዘምዘም ውሃው ማቀዝቀዣ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ቧንቧውን ከስር ከስር አያለሁ። ያ ሁሉ እጅ ይከፍተዋል፣ ያ ሁሉ እጅ ይዘጋዋል፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሱብሓነላህ! እናቴማ አንድ ቀን በክንዴ ጎትታ አስነሳችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ከዓለም ጫፍ መጥቶ ካዕባን ያያል፤ አንቺ ቧንቧ ታያለሽ?»

ምን ላድርግ፤ ሌላው ሰው በርሜል የለበትም።

የምንኖረው እዚሁ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ ሰጥሕ ላይ ነው። ሰጥሕ ጣሪያ ማለት ነው፤ ዓረቦቹ ጣሪያቸውን ጠፍጣፋ አድርገው የሚሠሩት እኛን የመሰለ ሰው እንዲኖርበት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ክፍል፣ ጥግ ላይ አንድ መታጠቢያ ሐማም፣ የቀረው ሰማይ። እናቴ ሐጃጆች ከሚያርፉበት ቤት ኢሕራም እየተቀበለች ታጥባለች። ያ ስፌት የሌለው ነጭ ጨርቅ ነው፤ ነጭነቱን ሁሉም ሰው ያያል፣ እድፉን የምታውቀው እናቴ ናት። የሚዘፈዘፈው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ነው፤ ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። መዘፍዘፉስ ባልከፋ። ጣጣው ውሃው ሲቀየር ነው። ማዘንበል አይሞከርም፤ እንኳን እኛ ሁለት ወንዶችም አያነቃንቁት። ስለዚህ እናቴ በጆግ እየቀዳች፣ በባልዲ እያደረገች፣ ሐማም ድረስ ታመላልሳለች። ሲያልቅ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምትሄደው።

ይሄን ያዩ ጋሽ ሰዒድ አዘኑላት። ጋሽ ሰዒድ ያገሯ ልጅ ናቸው፣ የወሎ ሰው። ኤሌክትሪክ ይሠራሉ፣ ሙከየፍ የሚሉትን የአየር ማቀዝቀዣ ይጠግናሉ፣ ቧንቧ ይገጥማሉ። የማይጀምሩት ሥራ የለም።

«አብሽሪ ዘሀራ! ከስሩ መክፈቻ እገጥምልሻለሁ። ከፈት ታደርጊዋለሽ፣ ይወርዳል፣ ኸላስ!»

በትራፓኖ በሱት፣ ገጠሙት፣ ዙሪያውን በሲሊኮን እንደ ሠርግ ኬክ ለቀለቁት። እናቴ መረቀቻቸው፣ ሞላነው። በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ወለላችን ከስር በከዘራ ተደበደበ። ኡሙ ፈይሰል ናቸው።

ኡሙ ፈይሰል የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ከስራችን ይኖራሉ። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፣ አስቀድሜ ልናዘዝ። ሊፍት እፈራለሁ፣ ድመት እፈራለሁ፣ በር ሲንኳኳ እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የኡሙ ፈይሰልን ከዘራ፣ ደረጃው ላይ ቋ… ቋ… ሲል። ቋ ቋ እያለ መጣ። በርሜላችን ሲያንጠባጥብ አድሮ ውሃው እንግዳ መቀበያ መጅሊሳቸው ምንጣፍ ላይ ደርሶ ኖሯል።

«ያ ዘሀራ! አንድ ጠብታ ብቻ! አንዲት ጠብታ ብትወድቅ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ያላ!»

ሌላ ክፍል አይጠፋም ትሉ ይሆናል። ክፍሉስ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ትምህርት ቤቴ ነው። ዓመት ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ እንደ ተረሳ ቦርሳ ተቀምጬ ስከርም፣ ስሜ ሐያት መሆኑን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ በቅርቡ የሳይንስ አብላችን፣ መምህራችን፣ የውሃ ጠርሙስ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች በሳ «ሩቅ የሚፈናጠረው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። እጄ ሳላዘው ወጣ። «የታችኛው፣ አብላ። ከላዩ ያለው ውሃ ሁሉ ስለሚጫነው።» አብላ «አሕሰንቲ!» ብላ ስታሞግሰኝ ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ አልወርድ ብሏል። አሁን ቤት ቀይረን ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ትምህርት ቤት፣ እንደገና ኋላ ወንበር? ያረቢ!

ጋሽ ሰዒድ «ጥፋቱ የዕቃው ነው» ብለው ጅዳ ወረዱ። የሸረፊያን ሱቆች ሲያስሱ ውለው አዲስ መክፈቻ ከነዳዶው፣ ከነክቡ ጎማ ይዘው ተመለሱ። ሁለት ሲሊኮንም ጨመሩ፣ ልማድ ነው። አሮጌውን ሲፈቱት ቆሜ አየሁ። ጎማው የተደረገው በውጭ በኩል ነው።

«ጋሼ፣ ጎማው በውስጥ በኩል ነው መሆን ያለበት።»

«ማን አለ?»

«ሳይንስ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ቧንቧ ስገጥም ሳይንስ የሚባል ሰው መፍቻ እንኳ አቀብሎኝ አያውቅም!»

አስረዳኋቸው። ውሃው ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። ጎማው ውጭ ከሆነ ውሃው ገፍቶ ያላቅቀዋል። ውስጥ ከሆነ ግን ያው የሚገፋው ውሃ ራሱ ጎማውን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። በሞላ ቁጥር ይብሱን ይጠብቃል። ጋሽ ሰዒድ ጺማቸውን አሹ።

«እሺ ፕሮፌሰር። ታዲያ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ማነው?»

እሳቸውም እናቴም እኔን አዩኝ።

ማወቅ እንዲህ ጣጣ አለው። በርሜሉን በጎኑ አስተኙት፤ ቢስሚላህ ብዬ በጭንቅላቴ ገባሁ። ሊፍት የምፈራ ሰው ነኝ፣ እንዳትረሱ። ልቤ ፕላስቲኩን ሲመታው የሚሰማ መሰለኝ። «አውጡኝ!» ልል አፌን ስከፍት ነው ዓይኔም የተከፈተው። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! ፀሐይዋ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጋ እጄ ሰማያዊ፣ እስትንፋሴ ሰማያዊ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። የእናቴ ጥላ በውጭ በኩል እንደ ዓሣ ያልፋል። ቀዳዳዋ ደግሞ ከግርጌ አንዲት ጨረቃ። ለካ እናቴ በየቀኑ የምታጎነብስለት በርሜል ይሄን ሁሉ ደብቆ ኖሯል።

የቀዳዳውን አፍ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ጎማው ሸካራ ላይ አይቀመጥም። ከዚያ መክፈቻውን ከነጎማው ከውስጥ ሰድጄ ራሱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጋሽ ሰዒድ በውጭ በኩል ዳዶውን ያጠብቁ ጀመር።

«በቃ ጋሼ!»

«ትንሽ ልጨምር!»

«በቃ፣ ይሰነጠቃል!»

በቃ አሉ። እሳቸውን ያስቆመ ሰው የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሲሊኮኖቹም በኪሳቸው ቀሩ።

ሞላነው። እናቴ ከመክፈቻው ስር ነጭ ሶፍት አነጠፈች፣ ሦስታችንም ዙሪያውን ቁጢጥ አልን። ውሃው እስከ አፉ ደርሷል፤ ያ ሁሉ ክብደት አንዲት ቀዳዳ ላይ ተደግፏል። ሶፍቱ ደረቅ። ከዙህር እስከ ዓስር ሶላት ደረቅ። ሊያስባርረን የነበረው ውሃ ራሱ በሩን ዘግቶ ይጠብቅልናል! እናቴ ሶፍቱን አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ ላለማመን።

ኡሙ ፈይሰል ተጠርተው መጡ፤ ቋ ቋ ቋ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ከስር አሻሹ፣ ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት። ደረቅ። «ማሻአላህ» አሉ። ጋሽ ሰዒድ ደረታቸውን ነፍተው «አሁን ደግሞ ሲከፈት ይዩት!» ብለው መክፈቻውን ያዙ።

«ጠይብ» አሉ ኡሙ ፈይሰል። «ሲከፈትስ፣ ውሃው የት ነው የሚሄደው?»

የት ነው የሚሄደው? እናቴ ጋሽ ሰዒድን አየች፤ ጋሽ ሰዒድ እኔን፤ እኔ ወለሉን። ወለሉ ማለት የኡሙ ፈይሰል ጣሪያ ነው። አንዲት ጠብታ ለማስቀረት ስንታገል ከርመን፣ በርሜል ሙሉውን በገዛ እጃችን ልንለቅባቸው ነበር። ጋሽ ሰዒድ እጃቸውን ከጋለ ምጣድ ላይ እንደሚያነሱ አነሱ። የእኔም ከሰሞኑ አልወርድ ያለ እጅ ወረደ።

ኡሙ ፈይሰል ከዘራቸውን አንስተው… ሳቁ። ጥርስ እንዳላቸው ያን ቀን አወቅኩ። ወርደው «ለይ» የሚሉትን ረጅም የውሃ ማጠጫ ጎማ ላኩልን፣ አሮጌ ነው፤ ራሳቸውም ተከትለው ወጡ። ከመክፈቻው እስከ ሐማሙ ዘረጋነው፣ ተከፈተ። እናቴ ባልዲ የሌለበትን እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋትና ወገቧ ላይ አደረገችው፤ ቀጥ ብላ ቆማ ውሃው ብቻውን ሲሄድ አየች። ኡሙ ፈይሰልም «ኢጃራሽን ይዘሽ ተቀመጪ» አሏት፤ ኢጃራ ኪራይ ነው። ሳንባረር ቀረን ማለት ነው። እዚህ ትምህርት የሚጀምረው እሑድ ነው፤ እሑድ አብላዬ ክፍል ነኝ።

ይሄኔ ነው የለዩ ጎማ መሃሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንዳለው ያየሁት። ከዚያች ቀዳዳ ቀጭን ውሃ ሽቅብ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፣ ልክ እንደ ጅዳው፣ ተመልሶም ወለሉ ላይ ይዘንባል። እጄን ላወጣ ስል እናቴ እግሬን ረገጠችኝ። ጋሽ ሰዒድ ከጣሪያው ማዶ ወደሚታየው ተራራ ዞሩ። ኡሙ ፈይሰልም አይተዋል፤ እንዳይረጥብ ከዘራቸውን ብቻ ወደ ጎን አዛወሩት።

ከቤት ባለቤት ለይ የሚወጣ ውሃ ጣሪያ አያፈስም መሰለኝ።