መሪጌታ ታዛዥን ሲያስተምሩ

ውሻ የሚያሠለጥን ሰው ከሩቅ ይታወቃል። የግራ እግሩ ጫማ ከቀኙ ጋር አይመሳሰልም፣ የነጠላው ጥለት ግማሹ ተበልቷል፣ እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ «ለውጥ አለው» ይላል። ደባርቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። መምህሩም ያሠለጥናል፣ የሚኒባስ ሾፌሩም ያሠለጥናል፣ ጡረታ የወጣው የፓርክ ጠባቂም ያሠለጥናል። ሠልጣኞቹ ደግሞ ረፋድ ላይ ተሰባስበው የሰው ዶሮ ያባርራሉ።

የእነዚህ ሁሉ አውራ የወይዘሮ የሺወርቅ ባለቤት ክቡር መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። መሪጌታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ደንቆሮ የተባለውን፣ ድምፁ እንደ በር የሚንጫረረውን ሁሉ ተቀብለው ሰው አድርገው ሸኝተዋል። እንዲህ ያሉ ሰው አንድ ቡችላ ያቅታቸዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ከየሺወርቅ በቀር።

ቡችላውን ያመጣችው ልጃቸው ሕሊና ናት። ጎንደር ለትምህርት የሄደች ዓመት ለእረፍት መጥታ ስትመለስ፣ «ቤቱ ጭር እንዳይልባችሁ» ብላ ዳባት ካለች ጓደኛዋ ቤት በካርቶን አምጥታ አስቀመጠችው። ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። መሪጌታ ካርቶኑን ዞር ዞር ብለው አዩና ስሙን «ታዛዥ» አሉት።

«ምኑን አይተው ነው?» አለች የሺወርቅ። ታዛዥ በዚያች ሰዓት የካርቶኑን አንድ ጎን በልቶ ጨርሶ ነበር።

«ቀስ እያለ ይገባዋል» አሉ መሪጌታ። ይቺን ቃል የሺወርቅ በዚያ ጾም ከአቡነ ዘበሰማያት ይልቅ ደጋግማ ሰምታታለች።

ትምህርቱ በማግሥቱ ተጀመረ። መሪጌታ ከመደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ደቀ መዝሙሩ ታዛዥ ከእግራቸው ሥር ይደረጋል። ውሻ በልጅነቱ እየተደጋገመለት ካልቀጸለ አይሆንም ባይ ናቸውና፣ «ቁጭ በል» የምትለዋን ቃል በዜማ እያስረዘሙ አርባ ጊዜ ይሏታል። ታዛዥ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ በጥሞና ይሰማና የጋቢያቸውን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ግን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ «አውውው» እያለ ይቀበላቸዋል። ጎረቤታቸው ላቀው ከአጥሩ ማዶ፣ «መሪጌታ፣ ይኼኛው ከበፊቶቹ ተማሪዎችዎ ይሻላል!» እያለ ይጮሃል። መሪጌታ ምርቃት እንደሆነ ያህል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ውሻ በአጥንት እየተደለለ ነው የሚሠለጥነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። ነገር ግን ጾም ነው፤ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ቢከፈትስ በሁዳዴ ከመሪጌታ ቤት አጥንት ሊገባ ነው? ስለዚህ ሽልማቱ የጊች ደጋ ገብስ ቆሎ ሆነ። ታዛዥ መጀመሪያ ተፋው፣ በሦስተኛው ቀን ቆረጠመው፣ በሳምንቱ ያለ ቆሎ አላድር አለ።

«አየሽ የሺ፣ ጾመኛ ነው» አሏት በኩራት።

ጾመኛው በዚያው ቀን ከላቀው ዶሮ ሥር አራት እንቁላል ጠጥቶ ተያዘ።

ከዚያ የቤቱ ሥርዓት ወጣ። መሪጌታ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ አወጁ። «ግቢው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ እዚህ እንደ ልቡ ይቁም። በረንዳው ቅድስት ነው፤ ሲፈቀድለት ይግባ። ጓዳው መቅደስ ነው፤ በፍጹም!»

«ኧረ ይቅር ይበለን! ጓዳዬን ከምን ጋር ነው የሚያስተካክሉት?» ብላ የሺወርቅ አማተበች።

በነጋታው ከጓዳ የድስት መንኳኳት ሰምታ ሮጣ ብትገባ፣ ታዛዥ ራሱን እስከ አንገቱ ከሽሮው ድስት ከትቶ፣ ድስቱን እንደ ቆብ ደፍቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። መሪጌታ ደፍ ላይ ቆመው ትንሽ አሰቡና፣ «ቀስ እያለ ይገባዋል» አሉ።

«መግባቱንማ ገብቷል። መውጣቱ ነው ያቃተው!» አለች የሺወርቅ። ድስቱን በዘይት አንሸራትታ እስክታወጣለት ድረስ ሳቋንና ንዴቷን መለየት አቅቷት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነው። የደብረ ዘይት ዕለት ግን ጨዋታው አበቃ። መሪጌታ ማኅሌት ቆመው ሳለ ታዛዥ ገመዱን በጥሶ፣ የጌታውን ድምፅ ተከትሎ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አለፈ። በተደረደረው ጫማ መሐል እየሮጠ መጥቶ ከበሩ ደፍ ሲደርስ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እሱም እንደለመደው ተቀበለ። ቤተ ክርስቲያን ውሻ ደረሰ ማለት እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ካህኑ ደነገጠ፣ ሴቶቹ እግዚኦ አሉ፣ ታዛዥ በመቋሚያ ተባርሮ ወጣ። መሪጌታ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

የደብሩ አለቃ ገብረ ሚካኤል ሕዝቡ ሲበተን ጠሯቸው። «መሪጌታ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ይኼ ነገር እንዳይደገም። ውሻውን ለሰው ይስጡና ከአገር ይውጣ።»

ላቀው ወዲያው፣ «ዳባት ወንድሜ በግ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ነገውኑ እወስደዋለሁ» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። መሪጌታ ግን መምህር ናቸው፤ ተማሪያቸው ሰነፍ መባሉን አይወዱም።

«የሆሣዕና ዕለት ከደጁ ውጭ ቁጭ ብሎ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቀኛል» አሉ ሁሉም እየሰማቸው። «አንድ እርምጃ ካለፈ ውሻው ዳባት ይሂድ፤ እኔም ማኅሌት አልቆምም።»

የሺወርቅ ክው አለች። መቋሚያቸውን ጥግ አስደግፈው፣ በሰንበት ጠዋት ቤት ቁጭ ብለው ግድግዳ ሲያዩ ታያት። ቤት ሲገቡ ግን፣ «ለላቀው ይስጡትና እንረፍ! ጫማ የለን፣ ድስት የለን!» ብላ ጮኸችባቸው።

«ቀስ እያለ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

ሲመሽ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለው የታዛዥን ጆሮ እያሻሹ፣ «አታሳፍረኝ፣ ልጄ» ሲሉት ሰማቻቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለአንድም ተማሪ እንዲህ ብለው አያውቁም። የእሳቸው ልመና አለንጋ ነበር። የሺወርቅ ኮቴዋን ሳታሰማ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በግቢያቸው በር ላይ በአመድ መስመር ተሰመረ። መሪጌታ፣ «ቁም!» ይላሉ፤ ታዛዥ ይቆማል፤ ቆሎ ይሰጠዋል። ቆሎውን ቆርጥሞ ሲያበቃ መስመሩን ተሻግሮ የቀረውን ከኪሳቸው ይፈልጋል። እስከ መጨረሻው፣ እስከ ኒቆዲሞስ ሳምንት ድረስ ሁለት ኪስ ተቀደደ፤ ታዛዥ ግን መስመሩን መሻገር አልተወም። ላቀው ገመድ ገዝቶ ተዘጋጀ።

የሆሣዕና ዋዜማ የሺወርቅ ከወትሮው አብዝታ ቆሎ ቆላች። «ጉዳይ አለኝ» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፣ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። መሪጌታ ጉዳይዋን አልጠየቋትም፤ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

በማግሥቱ ታዛዥን አስከትለው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሱ። ሰው ዘንባባውን ይዞ ቆሞ ያያቸዋል። «ቁም!» አሉ በዚያ ድምፃቸው፤ ከዚያ ዘወር ብለው ሳያዩ ገቡ። ዘወር ቢሉ ኖሮ እግራቸው አይገባም ነበር።

የሺወርቅ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ጸሎቱን ትሰማለች ማለት ውሸት ነው። ጆሮዋ ደጅ ነው። ዑደቱ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ዞሮ በደጁ በኩል ሲደርስ መሪጌታ ዜማውን አነሱት፣ ከፍም አደረጉት። ከቅጥሩ ውጭ «አው...» የሚል ተሰማ። አለቃ ገብረ ሚካኤል ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፣ ላቀው ገመዱን ነካ አደረገ። ግን ድምፁ እዚያው ቀረ፤ ታዛዥም አልመጣም።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ታዛዥ ከደጁ ውጭ፣ ለምጽዋት ከሚቀመጡት አሮጊት ከእማማ ጤናዬ አጠገብ ቁጭ ብሏል። አንገቱ ላይ የዘንባባ ቀለበት አስረውለታል። አለቃ ገብረ ሚካኤል ቆመው አዩት። «ይገርማል! እኔ የማስተምራቸው ዲያቆናት እንኳ ይህን ያህል አይቀመጡም» አሉ።

«ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ!» አሉ መሪጌታ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አላልኩሽም የሺ?»

«ብለውኛል» አለች።

ላቀው ገመዱን ከኋላው ደብቆ ስለ ራሱ ውሻ ይጠይቃቸው ጀመር። መሪጌታም አንዱ እግር ቡኒ፣ አንዱ እግር ጥቁር በሆነው ጫማቸው እየተራመዱ፣ በመቋሚያቸው መንገዱ ላይ መስመር እየሰመሩ ያስረዱታል። ታዛዥ ከኋላ ነጠላቸውን እየጎተተ ይከተላቸዋል።

የሺወርቅ ወደ ኋላ ቀረችና እማማ ጤናዬ ዘንድ ጎንበስ አለች። አሮጊቷ ባዶ ከረጢት አቀበሏት።

«አለቀ፣ ልጄ። ሦስት ጊዜ ብድግ ሲልብኝ እፍኝ እፍኝ ሰጠሁት። ያ ዜማ ከፍ ሲልማ አፉ ውስጥ ነው የሞላሁበት!» ብለው ሳቁ። «ከእንግዲህም ታመጪያለሽ?»

«ለእርስዎም ለእሱም አመጣለሁ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ አጥንት ነው።»

እማማ ጤናዬ መሪጌታ ወዳሉበት አገጫቸውን ቀሰር አደረጉ። «እሳቸው ግን አያውቁም?»

የሺወርቅ ከረጢቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው። መሪጌታ ከሩቅ አራተኛውን መስመር እየሰመሩ ነበር።

«ዝም ይበሉ፣ እማማ» አለች። «ቀስ እያለ ይገባቸዋል።»