መጥረቢያ የማይነካው ነገድ

ጫካ ሳይረግጥ የጫካ ሰው የሆነ ጎልማሳ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጭሮ ከተማ ብቅ በሉ። ጎረቤቴ ከድር በስልኩ ጌም ውስጥ ቆዳው አረንጓዴ፣ ጅራቱ ረዥም የዱር ሰው ነው። ነገዱ አብረውት የሚጫወቱ የሰፈር ባሎች ናቸው፤ ከነሱ መጥረቢያ የነካ ይባረራል። እኔ ከእውነተኛ ጫካ እንጨት ስሸከም ኖሬ አንድም ሰው ጀግና ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ሚስቱ ዘሀራ፣ «እንጨት ፍለጥልኝና ምሳ ላድርስ» አለችው።

«ወላሂ፣ ነገዳችን መጥረቢያ አይነካም» አላት፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

አልተቆጣችም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጥሬ ድንች ከነአፈሩ አቀረበችለት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የነገድህ ምግብ ነዋ።»

ከድር ድንቹን አየ፣ ከጎኑ ያስቀመጠውን ጫት አየ። እኛ አገር በባዶ ሆዱ የሚቅም ማን አለ? መጥረቢያውን አንስቶ ወጣ።

ከአጥር ማዶ ሆኜ፣ «ነገድህ ቢያይህስ?» አልኩት።

«እነሱም እንጨት እየፈለጡ ነው» አለኝ።