በስፔስ የቆሙ ዓምዶች

ሰው ሥራውን ሳያውቅ ስንት ዓመት መሥራት የሚችል ይመስላችኋል? እኔ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያውም እየተመሰገንኩ።

ሥራዬ ጽሑፍ ነው። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም፣ አንድ ፎቅ ሥር ጠባብ ክፍል አለችኝ። የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም በሉት፣ የሠርግ ጥሪ በሉት፣ ማመልከቻ በሉት፣ ሐበሻ የሚያስጽፈውን ሁሉ እጽፋለሁ። እዚህ ያለ ሐበሻ ደግሞ ወረቀቱን የሚወደው በሁለት ዓምድ ነው። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ግራው ለወላጆች፣ ቀኙ እዚሁ ላደጉት ልጆች። መሐሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይቺን ነጭ ቦታ እወዳታለሁ። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ መፍዘዝ ነው። መስኮቴ ፊት ለፊት ጃካራንዳ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ሐምራዊ አበባውን ያራግፋል። እኔም እጄን ኪቦርዱ ላይ ጥዬ አንዴ ዛፉን፣ አንዴ ነጯን ቦታ አያለሁ። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብላ የምትወርድ ጠባብ መንገድ ትመስለኛለች። በወዲህ በኩል አባቶች፣ በወዲያ በኩል ልጆች ቆመው ይታዩኛል። ይተያያሉ እንጂ ማንም አያቋርጥም። ስንቴ ደንበኛ መጥቶ «ወንድሜ፣ ተኝተሃል እንዴ?» ብሎኛል! አልተኛሁም። ትንሽ ራቅ ብዬ ነው።

ታዲያ ዓምዱን እንዴት ነበር የምሠራው? ከናንተ ምን እደብቃለሁ። ባዶ ቦታ በምትሰጠው ቁልፍ፣ በስፔስ! አማርኛውን ግማሽ መስመር እጽፍና ስፔስ፣ ስፔስ፣ ስፔስ እየመታሁ ወደ ቀኝ እጓዛለሁ። እዚያ ስደርስ እንግሊዝኛውን እጽፋለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ወርጄ እንደገና ስፔስ። ኮምፒውተሩ ይህን በራሱ የሚያደርግበት መንገድ ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

ጋሽ ደምሴ የመጡት እንዲህ ፈዝዤ ሳለሁ ነው። ከኔ ሁለት በር አለፍ ብሎ ምግብ ቤት አላቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበበው በሳቸው ድምፅ ነው። ካነበቡ ደግሞ አይዘሉም። ምዕራፉን፣ ቁጥሩን፣ ከታች ያለውን «ገጽ አራት» የሚለውን ሳይቀር ያነባሉ። አንድ እሑድ ፕሮግራሙ ላይ «እዚህ ላይ ትንሽ ዕረፍት» ብዬ ጽፌ ነበር። በዚያው ግርማቸው አነበቡት፤ ምእመኑም አሜን አለ። የተጻፈ ይነበባል ባይ ናቸው።

ሳሮን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች። ልታገባ ነው። አባትና ልጅ ስለ ምግብ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መኪና መጨናነቅ በአማርኛ ደህና አድርገው ይግባባሉ። ጠለቅ ያለ ነገር ሲመጣ ግን እሷ ወደ እንግሊዝኛዋ ትገባለች፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። አሁን በሠርጉ ቀን የሚያነቡትን ምርቃት ሊያስጽፉ ነው። እሳቸው የግራውን ያነባሉ፣ እሷ የቀኙን በዓይኗ ትከተላለች። ተርጓሚው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተለመደውን አስጻፉኝ፤ ውለዱ፣ ክበዱ። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። ምግብ ቤቱን ሲከፍቱ ልጅቷ ትንሽ ነበረች። የትምህርት ቤቷ በዓል ላይ አንድ ቀን እንኳ ተገኝተው አያውቁም። እሷ ግን በየዓመቱ ወንበር ትይዝላቸው እንደነበር እናትየው በኋላ ነገረቻቸው። «ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም» አሉኝ። «በየትኛው አፌ ልጠይቃት እያልኩ ዕድሜዋ ሄደ። አደራህን ልጄ፣ እንግሊዝኛውን አሳምርልኝ። እንዲገባት ነው የምፈልገው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ደከምኩበት። ዓምዶቹ ቀጥ አሉ። የኔ ማተሚያ ወፍራም ወረቀት ስለማይወስድ ፋይሉን ከተማ መሐል ላለች ዋንጂሩ ለምትባል አታሚ ላክሁላት። ለካ እኔ የጻፍኩበት የፊደል ዓይነት እሷ ኮምፒውተር ላይ የለም! ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ሌላ ወፍራም ፊደል ተካበት። አማርኛዬ ሰፋ፣ እንግሊዝኛዬን ገፍቶ ወደ ታች አወረደው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደውዬ እንዴት ነው ስላት «ኢኮ ሳዋ» አለችኝ፤ ደህና ነው ማለቷ ነው። አማርኛ አታነብ፣ ምን ታድርግ?

ሠርጉ ላቪንግተን ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነበር። ወረቀቱ በየወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አንሥቼ አየሁት። ነጯ መንገድ የለችም! አንድ መስመር አማርኛ፣ ከሥሩ አንድ መስመር እንግሊዝኛ፣ እንደገና አማርኛ። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው ማይክራፎኑን ይዘዋል። ምነው እንግሊዝኛውን በዘለሉት ብዬ ተመኘሁ። ማን? ጋሽ ደምሴ?

«ልጄ ሳሮን» አሉ። ቀጥለውም፣ «ማይ ዶተር ሳሮን።» ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እሳቸው እቴ! «የተወለድሽ ቀን ዝናብ ነበር። ኢት ዎዝ ሬኒንግ ዘ ዴይ ዩ ዌር ቦርን።» የምግብ ቤቱን ፈቃድ ሲያሳድሱ እንደሚያነቡት፣ እያንዳንዷን ቃል ጫን እያሉ። ሳሮን «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ!» ብላ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከዚያ ያቺ መስመር መጣች። «ወንበር ይዘሽልኝ ስላልመጣሁባቸው ቀኖች ይቅር በይኝ» አሉ። የሚቀጥለውንም አነበቡት። «ፎር ኦል ዘ ቼርስ ዩ ኬፕት ፎር ሚ፣ ፎርጊቭ ሚ።»

አሉና ቆሙ። ጋሽ ደምሴ ንባብ መሐል ሲቆሙ አይቼ አላውቅም። ያሉት ምን እንደሆነ የገባቸው ካሉት በኋላ ይመስለኛል። ከወረቀቱ ላይ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። እሷ መሳቅ ትታለች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ተነሣች፣ በድንኳኑ መሐል አቋርጣ ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ማይክራፎኑ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማናት። «ኢትስ ኦኬ ዳዲ፣ ቱዴይ መጥተሃል» አለች።

አለቀስኩ። ያላለቀሰ ማን ነበር? ሲረጋጉ ጋሽ ደምሴ ወደ ወረቀታቸው ተመልሰው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከሁሉ በታች በትንንሽ ፊደል የጻፍኩትን የሱቄን ስምም ከነስልክ ቁጥሩ አነበቡት። እንግዳው ሁሉ አሜን አለ።

ሰኞ ዋንጂሩ ጋ ሄድኩ። ልጣላት ነበር፤ በምን እንደምጣላት ግን ጠፋኝ። ፋይሉን ከፍታ ብታየው ስፔስ ብቻ! አዘነችልኝ። «ሌይአውት» የሚለውን ነካች፣ ዓምዶች ለማለት «ኮለምስ» የሚለውን ነካች፣ ሁለት ለማለት «ቱ» የሚለውን ነካች። አለቀ። ጽሑፉ እንደ ወታደር ሁለት ቦታ ተሰለፈ። ስፔስ ስትመታ የኖረችውን አውራ ጣቴን አየኋት፤ ዐሥራ አራት ዓመት! «ፖሌ» አለችኝ፣ አይዞህ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓምዶቼ የትም ቢሄዱ አይፈርሱም። አሁንም ዝናብ ሲጥል ጃካራንዳውንና ነጯን ቦታ እያየሁ እፈዛለሁ። አንዳንዴ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ስታቋርጥ ትታየኛለች።

ባለፈው ሳምንት ሩንዳ ከሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አንድ የማላውቃቸው አባት መጡ። ወንድ ልጃቸው ሊያገባ ነው። ስልኬን ያገኙት ከዚያ ሠርግ ነው፤ ሲነበብ ጻፉት። እኔም የቅርቡን ሥራዬን በኩራት ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ መሐሉን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱበት። «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ የሆነ ሰው እንደጠፋባቸው ሁሉ ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«የደምሴን ወረቀት የሠራው ሰውዬ፣ ያ ኮምፒውተር የማያውቀው፣ የት ሄደ?»

«ተማረ» አልኳቸው።

ከንፈራቸውን መጠጡ።