ሁሉን የሚቃወሙት የእህቴ ባል

ይህን ጽሑፍ ልተወው ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ ስለ እሳቸው አሳምሮ መጻፍ ይቅርና፣ ሲያነቡት የሚሉትን አስቀድሜ ማወቄ ብቻ ብዕሬን ያስጥለኛል።

በየቤቱ አንድ ተቃዋሚ አለ። ፀሐይ ወጣች ስትሉት ደመናውን ያሳያችኋል፤ ዘነበ ስትሉት ጃንጥላውን ጥሎ ይወጣል። በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የእህቴ ባል፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ክቡርነታቸው ናቸው። እህቴ «ዛሬስ ጨው አብዝቻለሁ» ብላ ራሷን ስትወቅስ እንኳ፣ «እዚህ ላይ አልስማማም» ይሉና ጨው ይጨምራሉ።

የምኖረው እነርሱ ዘንድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ «ቡድሂዝምና ኮሚኒዝም ይታረቃሉ ወይ?» የሚል ነበር። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ፣ ፈታኞች ፊት ከመቅረቤ በፊት እራት ላይ መለማመድ ጀመርሁ።

«ይታረቃሉ» አልሁ ፈራ ተባ እያልሁ። «ሁለቱም ስግብግብነትን ያወግዛሉ።»

«እዚህ ላይ አልስማማም! አንደኛው ምኞትህን ተው ይልሃል፤ ሌላኛው የተቀማኸውን አስመልስ ይልሃል። ምኑን አስታረቅኸው?»

በማግስቱ እጄን ሰጥቼ፣ «ልክ ነዎት ጋሼ፤ አይታረቁም» አልሁ።

«ማን ነው ያለህ? መነኩሴው የግል ንብረት አለው? የለውም። ያገኘውን ይካፈላል? ይካፈላል። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ጓድ ትፈልጋለህ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁን አሳበድከው እኮ!» አለች እህቴ።

«እዚህ ላይ አልስማማም። ቀድሞም ደህና አልነበረም።»

በፈተናው ቀን ክቡርነታቸው የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው ከአዳራሹ ኋላ ተቀመጡ። እኔም «ይታረቃሉ» የሚለውን ይዤ ቀረብሁ። ዋናው ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቡድሂዝም ማንንም አትጥላ ይላል። የመደብ ትግል ግን ያለ ጥላቻ አይሆንም። ስለዚህ ጽሑፍህ ከመሠረቱ ፈርሷል።»

ምላሴ ተሳሰረ። የዓመታት ድካሜ እዚያው ሊቀበር ሲል፣ ከታዳሚው መካከል አንድ እጅ ወጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፤ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ሾፌር ነኝ። አውቶቡሱ ሲሞላ በሩን እዘጋለሁ፤ ውጭ የቀረውን ሰው ግን አልጠላውም። ይህንንም ልጅ ሳልቃወመው የዋልሁበት ቀን የለም። እስቲ ይጠየቅ፣ ጠልቼው አውቃለሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ፈታኙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠልተውህ ያውቃሉ?»

«በፍጹም» አልሁ። «በክርክር ተጠምጄ እራቴን ስረሳው፣ ከድነው የሚያስቀምጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

ድምፄ ተመለሰ። ትግል ሰውን ሳይጠላ ሥርዓቱን ሊቃወም እንደሚችል፣ ምኞትን መተውም በደልን መቀበል እንዳልሆነ፣ እራት ላይ የተወቀርሁበትን ሁሉ ዘረገፍሁት። ፈታኙ አልተስማሙም፤ አሳለፉኝ እንጂ።

እርግጥ ነው፣ ፈታኙ «ይታረቃሉ» ብለው ቢሆን ኖሮ ክቡርነታቸው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጉድ ያደርጉኝ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሳይሸራረፍ፣ ሙሉው።