ያለ ፈቃድ የወደቁት ሥራ አስኪያጅ

የገዛ ላባቸው እንዳይወርድ በመመሪያ የከለከሉ ታላቅ ሰው ቢኖሩ እኚህ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በመሥሪያ ቤታቸው ያለ እሳቸው ፊርማ አምፖል አይቀየርም፣ መስኮት አይከፈትም፤ ታዲያ ቆዳ የሚሉት ተራ ሠራተኛ ማን ፈቅዶለት ነው ያሻውን የሚያንጠባጥበው? ኩላሊትም ቢሆን ሰውን ከስብሰባ መሃል የማስወጣት አጉል ልማድ ስላለበት፣ የሹመታቸው ነገር በሚቆረጥበት በዚያ ቀን ውሃ የሚባል ነገር አልቀመሱም።

ጠዋት ባለቤታቸው ከረባታቸውን እያሰረችላቸው፣

"አንተ ሰው፣ በዚህ ሙቀት ሰደሪያ ላይ ኮት? ኧረ ጉሮሮህን እንኳ አርጥብ!" አለቻቸው።

"አንቺ ደግሞ! ሰውነቴ እኔ ያልኩትን ነው የሚሰማው።"

"ስለ እኔም እንደዚሁ ስትል ነበር" አለችና ከረባቱን ጠበቅ አደረገችላቸው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሹመቱን የሚሰጡት የበላይ አለቃ ከፊት ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"ክቡራንና ክቡራት! መሥሪያ ቤታችን እንደ አንድ አካል ነው። ልብ ብቻውን አይሮጥም፣ ሳንባ ብቻውን አይተነፍስም፤ ሁሉም ጭንቅላቱን ያዳምጣል!"

ጭብጨባው አስተጋባ። ከኮቱ በታች ግን ሌላ ስብሰባ ተጀምሯል። ቆዳቸው ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙን ወደ እሱ ይጠራል፤ ልባቸው የጎደለውን ለመሙላት ይጋልባል፤ ኩላሊታቸው የቀረችውን ጠብታ ቋጥሮ ይዟል። ሁሉም ተባብረው ጭንቅላቱን ለማትረፍ ላይ ታች ይላሉ፤ ጭንቅላቱ ግን ንግግር ላይ ነበር። በመጨረሻ እግሮቻቸው ቁም ነገር ወሰኑ፦ ደሙ ወደ ላይ መውጣት ካቃተው፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይውረድ። ወረደም።

"ውይ! ጋሼ!" ብላ ጸሐፊያቸው ጮኸች። "ከረባታቸውን ላላ እናድርገው!"

"በማን ፈቃድ?" አለ ምክትላቸው።

"በቃ ይተኙ፣ ውሃ ይምጣላቸው!"

"የበላይ አካል ፊት አለቃ ይተኛል? ነውር ነው! አንሷቸው!"

በታላቅ አክብሮት አቆሟቸው። ደሙ ወደ እግራቸው ወረደ፤ እሳቸውም ዘጭ አሉ። እንደገና አቆሟቸው፤ እንደገና ወደቁ። ሰውየው እውነትም ፈሩ። ልጆቻቸው በዓይናቸው ላይ ሄዱ። "ስለ ፈጣሪ ተዉኝ" ሊሉ ቢታገሉ ምላሳቸው እንደ ቡሽ ደርቆ አልታዘዝ አለ።

ደግነቱ ምክትሉ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ከረባት የመፍታቱን ጉዳይ መክሮ ለመወሰን ሁሉም ወደ ጎን ክፍል ሲተም፣ ባለጉዳዩን ወለሉ ላይ ረሷቸው። ያተረፋቸውም ይኸው መረሳት ነው። ተጋድመው ሳሉ ደሙ ወደ ጭንቅላታቸው ተመለሰ፣ ልባቸውም ረጋ አለ። ጸሐፊዋ ሾልካ መጥታ ከረባቱን ፈታች፤ ውሃም ቀስ አድርጋ አጎነጨቻቸው። ወዲያው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ማንንም አላስፈቀደም።

ከብዙ እረፍት በኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ሄዱና የስብሰባውን በር ከፈቱ። ምክትሉ በሰብሳቢው ወንበር ላይ ተደላድሏል። የበላይ አለቃው እጁን ጨብጠው "እንኳን ደስ ያለህ" ይሉታል።

"ተሽሎኛል!" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ተመስገን!" አለ ምክትሉ፣ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል። "እንግዲህ መሻልዎን ጠቅሰው ማመልከቻ ያስገቡ፤ አይተን እናሳውቅዎታለን።"