ማንኩሳን የዘለለው ባቡር

በእኛ አገር ባቡር መሥራት ቀላል ነው። የሚከብደው የት እንደሚቆም መወሰን ነው! የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ባቡር ሠርቼ አይቻለሁ። ሙሉ ባቡር፣ ከነሐዲዱ፣ ከነጣቢያው፣ ከነተሳፋሪው… የሠራሁትም ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ሬዲዮና ስልክ በምጠግንባት ጠባብ ሱቄ፣ አንድ ሜትር ከሃያ በሚረዝም አሮጌ የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ውስጥ ነው። “ምን ቸገረህ?” ትሉ ይሆናል። እናቴም ብላኛለች።

መስታወቱን ያገኘሁት ቡሬ ነው። አንድ ሆቴል ዘመናዊ ለመባል ብሎ ዓሣ አስገብቶበት ነበር፤ ዓሣዎቹ ዘመናዊነቱን አልቻሉትም። ከዚያ የኬክ ማሳያ ሆነ፣ ከዚያ የባዶ ጠርሙስ ማከማቻ፣ ከዚያ የእኔ። በሚኒባስ ሳመጣው ግማሹን እኔ አቀፍሁት፤ ግማሹን ከጎኔ የተቀመጡ ደግ ሴትዮ አቀፉልኝ።

“ዓሣው የታለ?” አሉኝ።

“ዓሣ የለውም፣ እትዬ።”

“ታዲያ ምን ልታደርግበት ነው?”

“ባቡር ላስገባበት።”

ሴትዮዋ ትንሽ አዩኝና ግማሻቸውን ቀስ አድርገው መለሱልኝ።

ለምን በመስታወት ውስጥ? ሱቄ መንገድ ዳር ስለሆነች ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራ ትቀበላለች። ከአቧራ የሚብሰው ደግሞ ጣት ነው። የእኛ ከተማ ሰው በዓይኑ ብቻ አያይም፤ ነክቶ፣ ገልብጦ፣ አንኳኩቶ ነው የሚያይ። መስታወት ሲኖር ግን ጣቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ አገሬም በሰላም ትውላለች።

አገሬ የምለው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን ነው። ጥገና ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ነገር ፈታሁ፣ ገጠምሁ፣ የተረፈኝን ብሎን ቆጠርሁ፣ እንደገና ፈታሁ። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ አመል ይይዘዋል፤ ልክ ያልሆነ ነገር ሲያይ ያመዋል። ስለዚህ ርቀቱን በግምት አላደረግሁትም። በሚኒባስ መስኮት በኩል ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን የመብራት ምሰሶ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። ሁለት ጊዜ! በመጀመሪያው ጉዞ አንድ ሰው “አበጀ አይደለህም እንዴ?” ብሎ ሰላም ሲለኝ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ሐዲዱ ዞሮ የሚገጥም የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፤ ከሥሩ የተረበረበው እንጨት ራሱ የተቆረጠ ክብሪት። ሞተሩን ከአሮጌ ቴፕ አወጣሁ። ፉርጎዎቹ የሳርዲን ቆርቆሮ ናቸው፤ በዚያ መስታወት ውስጥ ከዓሣ ጋር ዝምድና የቀረው እነሱ ብቻ ናቸው። የበቆሎው ማሳ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። ማንኩሳ ስደርስ ግን ቆም ብዬ አሰብሁ። በወቅቱ ብታልፉ ደጁ ሁሉ በተሰጣ በርበሬ ቀልቶ ታዩታላችሁ። ይህን በቀይ ቀለም ማድረግ ይቻል ነበር… አልቻልሁም! እውነተኛ በርበሬ አስፈጭቼ ነሰነስሁበት። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር በክዳኑ ሽንቁር ትንሽ ቦነን ይላል፤ ተመልካች ያስነጥሰዋል፤ እኔን ደስ ይለኛል። ትክክል ነዋ!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባቡሩን ጣቢያ ላይ አስቁማ፣ ጥቂት አቆይታ፣ መልሳ የምትለቅ ሪሌ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ሁለት አወጣሁ። አንዷን ፍኖተ ሰላም፣ አንዷን ቡሬ ላይ ገጠምሁ። መሐል ላይ ያለችው ማንኩሳ ሳይደርሳት ቀረ። ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቶ በርበሬዋን አቡንኖ ያልፋታል። በቃ፤ የዕቃ እጥረት ነው። ሌላ ነገር የለበትም። እንዲህ ነበር የመሰለኝ…

አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የስልካቸውን መስታወት ሊያስቀይሩ መጡ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ መታወቂያዬን ገና አላሳደስሁም። ባቡሩን ሁለት ዙር አዩ። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ከመስታወቱ አጠገብ ቆሙ፣ ጣታቸውን ወደ ቡሬ ቀሰሩና፦

“አንሣኝ” አሉኝ።

አነሣኋቸው። ስልኩ የተሠራ መሆኑን የፈተንሁትም በዚያው ነው። ማታውን ፎቶው በየስልኩ ወጣ። ከሥሩ “የመስመሩን ሥራ በአካል ተገኝተን ስንገመግም” ይላል። መስመሩ ስፖንጅ ላይ መሆኑን የጻፈ የለም።

በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ስልክ ለማሠራት መሰላችሁ? “ጣቢያው በእኛ በኩል ነው?” ለማለት ነው። አንዱ ከቤቱ እስከ ሐዲዱ ያለውን በመስታወቱ ላይ በስንዝር ለካ። አንዷ “ፊሽካው ሕፃን ይቀሰቅሳል” ብላ አቤቱታ አቀረበች። “ኧረ እኔ የሠራሁት መጫወቻ ነው!” ብል፣ “አዎ፣ አዎ፣ ለጊዜው እንዳይወራ ነው” ብለው ጠቀሱኝ። በሦስተኛው ቀን ፎቶው ማንኩሳ ደረሰ። አንድ የማንኩሳ ጎበዝ ማንኩሳን በቀይ አክብቦ “ጣቢያችን የት ሄደ?” ብሎ ጽፎበት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። ትርንጎ ፍኖተ ሰላም የምታስተምር የማንኩሳ ልጅ ናት። ልንጋባ ተስማምተናል። ማለቴ፣ እኔና እሷ ተስማምተናል፤ ይህ በእኛ ዘንድ ገና ምንም ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። መስማማት ያለባቸው አባቷ ጋሽ ጥሩነህ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሌላ ጠያቂ አለባቸው፤ የቡሬ እህል ነጋዴ፣ ከነአይሱዙው። ስለዚህ በዚያው ሳምንት እሑድ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ዋናው የሰፈራችን የቅኔ መምህር መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። ዘር ሲጠየቁ እንዳይደናቀፉ በአባቴም በእናቴም በኩል እስከ ሰባት ቤት አስጠናኋቸው። በወረቀትም ሰጠኋቸው።

መሪጌታ ሲመለሱ ጋቢያቸውን አላወለቁም። በሩ ላይ ቆመው ጀመሩ።

“‘ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል’ አልን። ‘ልጃችሁ ማነው?’ አሉ። ‘አበጀ ነው፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ’ ስንል፣ ‘ያ ማንኩሳን የዘለለው?’ አሉን።”

“ኧረግ! ምን መለሳችሁ?”

“ምን እንመልስ? አንተ ሰባት ቤት አስጠንተህ ሰደድኸን እንጂ ስለ ጣቢያ ምን ነገርኸን?”

“መጫወቻ ነው አትሏቸውም፣ መሪጌታ?”

“ብለናል። ‘በጨዋታው የዘለለኝ በቁም ነገሩ ምን ሊያደርገኝ ነው?’ አሉ። እኔ ስንት ዘመን ቅኔ ሳስተምር እንዲህ ያለ አፍ የሚያስይዝ ነገር አልገጠመኝም።”

“ሌላስ?”

“‘በደጄ እያለፈ የማይቆም ሰው አማች አላደርግም፤ ይቁምና እንነጋገራለን’ ብለዋል። ለባለ አይሱዙውም መልስ የሚሰጡት ለመጪው እሑድ ነው።”

አስቡት እንግዲህ! ተፎካካሪዬ ያለው አይሱዙ ነው። አይሱዙ በፈለጉት ቦታ ይቆማል።

ወዲያው ትርንጎ ደወለች።

“አበጀ፣ አንዲት ጣቢያ አቃተችህ?”

“ሪሌ የለኝም እኮ፣ ትርንጎ።”

“ሪሌ ነው የምታገባው?”

“አይደለም፣ ግን ያለ ሪሌ ባቡሩ ቢቆም እንኳ አይነሣም። ልክ አይሆንም…”

“ተወው። አይሱዙ ላይ ስሳፈር ልክ መሆን አለመሆኑን ከመንገድ ዳር ታየዋለህ!”

ዘጋችው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሪሌ ፈለግሁ። ፍኖተ ሰላም የለም። ቡሬ የለም። ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ “የሚቀጥለው ወር ላይ እልክልሃለሁ” አለኝ፤ የሚቀጥለው ወር ላይ ትርንጎ የሰው ሚስት ናት። ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ መስታወቱ ላይ ጎንበስ አልሁና… ቡሬን ፈታሁ።

አዎ! የቡሬን ሪሌ ነቅዬ ለማንኩሳ ገጠምሁ። የእህል ገበያዋ የሞቀው፣ ፋብሪካ የተተከለባት፣ ወደ ነቀምት መገንጠያ የሆነችው ቡሬ ባቡር እያፏጨ የሚያልፋት ከተማ ሆነች። እስከዚያ ቀን ድረስ “ይህ መንገድ ለምን በዚህ ዞረ? ያ ውኃ ለምን እዚያ ደረሰ?” እያልሁ ባለሥልጣን የማማ ሰው ነበርሁ። ለካ አድልዎ የሚጀምረው እንዲህ ነው! ማንም ክፉ ሆኖ አይነሣም። ሪሌ ያንሰዋል፣ አማት ይኖረዋል።

ማታውኑ ለትርንጎ ደውዬ “ማንኩሳ ይቆማል” አልኋት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ጥሩነህ ራሳቸው መጡ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሴት ልጅ አባት ወደ ጠያቂው ዘንድ አይሄድም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ጋሽ ጥሩነህ የመጡት ባቡር ለማየት አይደለም። ሬዲዮ ለማስጠገን ነው። መሪጌታም እንዲሁ “በዚህ ሳልፍ” ብለው ከእሳቸው ቀድመው ተቀምጠዋል። ሬዲዮዋን ተቀበልሁ። ከፈትኋት። ምንም አልሆነችም! ቢሆንም ጠመዝማዛ ብሎኖቿን ፈትቼ፣ እፍ ብዬ፣ መልሼ አሰርሁ።

ጋሽ ጥሩነህ በዓይናቸው ጥግ መስታወቱን አዩ።

“ይህ ምንድነው?”

“ባቡር ነው፣ ጋሼ።”

“ይሄዳል?”

“ይሄዳል። ይቆማልም።”

“እስቲ።”

ባቡሩ ከፍኖተ ሰላም ተነሣ። ስፖንጁን አቋረጠ። በርበሬውን አቦነነ። ማንኩሳ ደረሰ… ቀጥ አለ! ከዚያ ጋሽ ጥሩነህ ሱቋን የሚያናውጥ ማስነጠስ አስነጠሱ።

“ይማርዎ!” አልን ሁላችንም።

“ያኑራችሁ።” አፍንጫቸውን ጠራረጉና አተኩረው አዩኝ። “በርበሬው የእኛ ነው?”

“ከማንኩሳ ገበያ ነው፣ ጋሼ። የሌላ አገር ቢሆን ልክ አይመጣም ብዬ ነው።”

ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ተሳካ አልሁ በልቤ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር!

“የእኔ ቤትስ የታለች?”

ነበረች፤ ሠርቻታለሁ። ከምስር ፍሬ ታንሳለች። በወረንጦ ጫፍ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ።

“ይቺ?”

“አዎ፣ ጋሼ። በልኬቱ መሠረት…”

መሪጌታ እግሬን ረገጡኝ።

“…ገና አላለቀችም፣ ጋሼ።”

“ነው እንጂ! ቆርቆሮዋን ያለበስሁት እኔ፣ የማውቃት እኔ።” እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አስገቡና የክብሪት ቀፎ አወጡ። ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጣት ያልነካውን አገር በእጃቸው ገብተው ቀፎውን ጣቢያው አጠገብ አስቀመጡት። ከጣቢያው በላይ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑም በላይ ሆነ። ባቡሩ ከጎኑ ሲታይ የግቢው በግ መሰለ።

“እንዲህ ናት። ልክ ነው?”

ምሰሶ ሁለት ጊዜ የቆጠርሁ ሰው ነኝ! በርበሬ ያስፈጨሁ፣ የክብሪት ራስ አንድ በአንድ የቆረጥሁ… መሪጌታ እግሬን አልለቀቁም።

“ልክ ነው፣ ጋሼ” አልሁ።

መሪጌታ እግራቸውን አነሡ።

ጋሽ ጥሩነህ ፊታቸውን ወደ መሪጌታ መለሱና ስለ ዝናብ የሚያወሩ በሚመስል ድምፅ፣ “ያ ጉዳያችሁ ከፋሲካ በኋላ ይሁን” አሉ። ልቤ ዘለለች! በዚያው ቅጽበት ሪሌዋ ባቡሩን ለቀቀችው፤ ፊሽካው ጮኸ፤ ፉርጎው መንቀሳቀስ ጀመረ።

“ወዴት ነው?” አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

“ወደ ቡሬ ይቀጥላል፣ ጋሼ።”

“ምን ሊያደርግ? እዚያ የባለ አይሱዙው አገር? እስከ ሠርጉ ድረስ እዚሁ ይቆይ!”

ሽቦውን ነቀልሁ። ባቡሩን በእጄ ወደ ኋላ ስቤ ማንኩሳ አቆምሁት። እሳቸው ሬዲዮዋን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሟት፤ “እጅህስ ጥሩ ነው” ብለው መርቀውኝ ወጡ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ባቡሩ ከክብሪት ቀፎው ሥር ቆሟል። ትርንጎ መጥታ አየችውና እስክታነባ ሳቀች፤ አንድም ነገር ግን እንዳስተካክል አልፈቀደችልኝም። ትናንት ያ ኃላፊ እንግዶች አስከትለው ብቅ አሉ። ቆመው ጠበቁ፤ ባቡሩ ንቅንቅ የለም። በእንግዶቹ ፊት እንዳያፍሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

“አበጀ፣ ተበላሸ እንዴ?” አሉኝ።

“አልተበላሸም፣ ጌታዬ” አልኋቸው። “ታጭቷል።”